አዴ ከዲጃ የሚፈቱት ቀበቶ

ሰኞ

ዛሬም አልለቀቀም። ከሻሸመኔ ያገለገለ የገዛነው የልጄ የኢክራም የመኪና ወንበር ላይ ተንበርክኬ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ስታገል ዋልኩ። ሁለት ቀበቶ በትከሻዋ ይወርዳል፣ ከእግሮቿ መሃል ያለው ዘለበት ይቆልፋቸዋል። እስከዚህ ጥሩ። ለማጥበቅ ከፊት የተንጠለጠለችውን ጭራ መሳብ ነው፤ እሱም ደህና። ለማላላት ግን ከጨርቁ ስር ጣት ሰደው አንዲት ትንሽ ብረት ወደ ላይ ማንሳት፣ ብረቷን እንደያዙ ደግሞ በሌላ እጅ ቀበቶውን ወደ ራስ መጎተት ያስፈልጋል። ጣቴ ቀልቶ አበጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው ይሄን ወንበር አላየም።

አብሮት የመጣው መመሪያ የየት አገር ጽሑፍ እንደሆነ እንኳ አላወቅንም። ስዕሉ ላይ ፊት የሌለው ሰውዬ ፊት የሌለው ልጅ ያስራል። ለእሱ ምን ቸገረው፣ ልጁ አይንፈራገጥ።

የሚያናድደኝ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሮቤ ውስጥ የመኪና ወንበር የማለብስ እኔ ነኝ። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ የሙሽራ መኪናው ሁሉ በእጄ አልፏል። ለሁለት ዓመት ልጅ ወንበር መሸነፍ ያሳፍራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የጀማል እህት ራሕማ ዶሎ መና ላይ ወልዳለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። እሁድ ልንጠይቃት እንሄዳለን። ጀማል ይነዳል። እኔ ኋላ ከተቀመጥኩ ስለሚያስመልሰኝ ጋቢና ነኝ። ኢክራም ከኋላ፣ ከጎኗ አማቴ አዴ ከዲጃ። በጎባ አድርገን ሰነቴን እንወጣለን፣ ከዚያ በሪራ እንወርዳለን። ሰነቴ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መና ስንደርስ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ስለዚህ ልጅቷ በመንገድ ላይ መልበስም ማውለቅም አለባት፤ ቀበቶውን ማላላትና ማጥበቁ የአዴ ሥራ ሊሆን ነው።

አዴ ወንበሩን ሲያዩ፣ "ኩን ማሊ?" አሉ። ምን እንደሆነ ነገርናቸው።

"ጭኔ ምን ሆነ? አባቷን እዚህ ላይ አይደል ያሳደግኩት?" ብለው ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ።

ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። በገዛ እጃቸው ማጥበቅና ማላላት ከቻሉ ኢክራም ወንበሩ ላይ ትሂድ፤ ካልቻሉ ጭናቸው ላይ። ጀማል "እሺ አዴ" አለ። እናቱ ፊት ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

የአዴ ቀኝ አውራ ጣት ቁርጥማት አለበት። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን እንኳ እኛ ነን የምንከፍትላቸው።

እኔ ደግሞ ልጄን በጭን አልልክም። የተጋጩ መኪኖች ወንበር ሱቄ ይመጣል። ከኋላ ተወርውሮ የመጣ ነገር የፊት ወንበርን ጀርባ እንዴት እንደሚያጎብጠው በመዳፌ ዳስሼ አውቃለሁ። ይህን ለአዴ መናገር ሟርት ይመስላልና ዝም አልኩ። ግን በልቤ ቆርጫለሁ፤ ወንበሩ እስከ እሁድ ለአዴ እጅ ካልተገራ እኔና ኢክራም ሮቤ እንቀራለን። ራሕማ በዚህ አትምረኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ ጥሩ ቀን። ጠዋት የሚኒባስ ወንበር እያለበስኩ ሃሳቡ መጣልኝ። ብረቷን በጣት ማንሳት ለምን አስፈለገ? ጠንካራ የቦርሳ ማንገቻ ቆርጬ ብረቷ ላይ አሰርኩና ጫፉን በጨርቁ ቀዳዳ አውጥቼ ሰፊ ቀለበት አደረግኩት። እጅ ሙሉ የሚገባበት። አሁን ቀለበቱን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው፣ ጣት ሳይሆን ክንድ ነው የሚሠራው። ማጥበቂያዋ ጭራ ላይም የእጅ መያዣ ቋጠርኩባት።

ዋናውን ቀበቶ ግን መርፌ አላስነካሁትም። እሱ ነፍስ የሚይዝ ነው። በስፌቴ ብኮራም እዚያ ድረስ አልኮራም።

ከሱቄ አጠገብ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ታደሰ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው አዩት። ጎባ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ቀልዳቸው አያልቅም።

"ፈቲያ፣ አሁን ደግሞ የፈረስ ኮርቻ ጀመርሽ?"

"ለልጄ ነው ጋሽ ታደሰ።"

"እንደሱ ከሆነ መጀመሪያ ስንዴ ጫኚበት። ስንዴ አያለቅስም፣ ተወርውሮ ቢወድቅም ይለቀማል።"

ምክራቸው ልክ ነበር። በኢክራም ክብደት ልክ ስንዴ ከረጢት ውስጥ አድርገን ወንበሩ ላይ አሰርነው። ጀማል በኮብልስቶኑም በጉድጓዱም እየነዳ ከተማውን አዞረው፤ ፍሬን በድንገት እየያዘ ጭምር። አደባባዩ ጋ አንድ ጓደኛው መስኮቱን አንኳኩቶ ወደ ኋላ አየና፣ "ይሄን ያህል ከተወደደ እኛም እህላችንን እንሰር እንዴ?" አለው። ጀማል በኀፍረት መስኮቱን ዘግቶ ተመለሰ። ከረጢቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ደስ ብሎኝ እራት ላይ ብዙ አወራሁ። አዴ እየሰሙኝ እንጀራቸውን ቆረሱ።

ረቡዕ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስንዴው እጅ እንደሌለው ረስቼዋለሁ።

ኢክራምን ጠዋት አስቀመጥኳት። ቀለበቱን አየችው። እኔ በሩን ዘግቼ በሌላው በኩል ዞሬ እስክገባ ድረስ ስባ፣ አላልታ፣ አንድ ትከሻዋን አውጥታ ትስቃለች። ደግሜ አሰርኳት። ደግማ ፈታችው። መጫወቻ መሰላት። ሦስተኛ ላይ እኔም ሳቄ መጣና በሯ ላይ ተደግፌ ሳቅኩ። ለአዴ የቀለለው ለኢክራምም ቀለለ። ለአንዷ ቀላል፣ ለሌላዋ ከባድ የሚሆን ነገር ከየት ይመጣል? ሁለቱም ደግሞ አብረው ነው የሚቀመጡት።

ሱቅ ሄጄም ሥራ አልሠራሁም። ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ሆዱን እያየሁ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ መጥቶ "የኔስ?" ቢለኝ "ነገ" አልኩት። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ገባኝ። የሚለያቸው ጉልበት አይደለም፣ ያሉበት ቦታ ነው። አዴ ከጎን ናቸው። ኢክራም ታስራ ወደ ጎን ዝቅ ማለት አትችልም። ማንገቻውን ከመቀመጫው ስፖንጅ ስር አሳልፌ በአዴ በኩል ዝቅ ብሎ እንዲወጣ አደረግኩት። አዴ ግራ እጃቸውን ብቻ ዘርጋ ሲያደርጉ ያገኙታል፤ ኢክራም አታየውም።

ማታ ሳይመሽ ግቢ ውስጥ መኪናው ላይ ሞከርን። አዴ ገቡ። እየተነጫነጩ። ግራ እጃቸውን ቀለበቱ ውስጥ አስገብተው ሳቡ፣ በቀኝ መዳፋቸው የትከሻውን ቀበቶ ወደ ራሳቸው ጎተቱ፤ ላላ። ከዚያ ጭራዋን ሳቡ፤ ጠበቀ። አውራ ጣታቸው ምንም አልሠራ። ኢክራም ቀለበቷን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣቻት።

አዴ የወንበሩን ልብስ በመዳፋቸው ዳበሱ። ቀና ብለውም፣ "ጨርቁ ቀለሙ ያስጠላል" አሉ።

ከአዴ አፍ ይሄ ምስጋና ነው። ጀማል በስተጀርባቸው ሆኖ ጠቀሰኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ነገር ተበላሸ።

አዴ ጎባ የታመመች ጓደኛቸውን ሊጠይቁ ነበርና እግረ መንገዳችንን እንሞክረው ብለን ሁላችንም ሄድን። ጠዋቱ ይቆረጥማል። አዴ ኢክራምን በጋቢ ጠቅልለው ዓይኗ ብቻ ቀርቶ አመጧት። እንደዚያው ከነጋቢዋ አስቀመጧት፣ ቀበቶውን አላልተው በላዩ አሳለፉ፣ አጠበቁ። ጥብቅ ነበር። እኔ ራሴ ነካክቼ አይቻለሁ።

ስንሄድ ደህና ነበር። ስንመለስ ነው ጉዱ። የጓደኛቸው ደጃፍ ላይ ኢክራምን እንደ ጠዋቱ ከነጋቢዋ አስረን መኪና ውስጥ ሆነን አዴ እንደልማዳቸው ለመንገዱ ዱኣ አደረጉ። ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን። ኢክራም ትልቅ ሰው ያደረገውን ሳታደርግ አትቀርምና ሁለት እጇን ከጋቢው አውጥታ ወደ ላይ አነሳች። ከፍ አድርጋ፣ ከሁላችን በላይ። "አሚን" ስንል ልጅቷ ከወገቧ በላይ ከቀበቶው ወጥታለች። ሁለቱም ቀበቶ ከጎኗ ተንጠልጥሏል።

ጀማል ሳቀ። አዴም ሳቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ዱኣ የሚፈታው ገመድ ነው የሠራሽው?" አሉኝ።

እኔ አልሳቅኩም። የሰኞው ፍርድ ፍርድ ነውና ኢክራም አዴ ጭን ላይ ሆና ሮቤ ገባች፣ እኔም መከልከል አቃተኝ፤ ምን ብዬ? ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አልነቀል ብሎ አንገቴ ደረቀ።

ስህተቱ የት ነው? ጥብቅ ነበር እኮ።

ዓርብ

ስህተቱን ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ ስፖንጅ ስቆርጥ ነው። አዲስ ስፖንጅ ላይ ልብሱን ወጥረህ ብትሰፋው ጥብቅ ይላል። ደንበኛው ቁጭ ሲልበት ይሟሽሽና ልብሱ ይሸበሸባል፣ "ፈቲያ አበላሸችው" ይባላል። ጋቢውም ያው ነው። ቀበቶው የጠበቀው ጋቢው ላይ እንጂ ልጅቷ ላይ አይደለም። ጋቢው ሲታሽ ውስጡ ቦታ ሆነ፤ እጇን ስታነሳ ሾልካ ወጣች። በድንገት ፍሬን ቢያዝም እንደዚያው ነው የምትሾልከው።

ስለዚህ መፍትሔው አጭር ነው። መጀመሪያ ቀበቶው በስሱ ልብስ ላይ፣ ከዚያ ጋቢው ከላይ። ለአዴ መንገር ነው ረጅሙ።

ከጁምዓ በኋላ ነገርኳቸው።

"ሰነቴ ላይ ልጅቷን በስስ ልብስ ልታሳልፊያት?"

"ከላይ ትለብሳለች አዴ።"

"ከላይ የተጣለ ይወድቃል። ብርዱን አታውቂውም አንቺ፣ ሱቅ ውስጥ ነው የምትውዪው።"

ይሄኔ ትዕግስቴ አለቀ። ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ። ሱቄ ስለሚመጡት ወንበሮች ነገርኳቸው። የጎበጠውን የወንበር ጀርባ፣ ባለቤቱ ታጥቦ እንዲሰፋለት ያመጣውን፣ እኔ ግን ሳጥበው ምን እንዳገኘሁበት። "ጭንዎ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እጅዎ እንዲያ ያለ ቀን አይችላትም፣ የማንም እጅ አይችላትም" አልኳቸው። በሕይወቴ ለአዴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ጀማል ወደ ውጭ ወጣ፤ ጀግና ነው።

አዴ ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። አለቀልኝ አልኩ። አማትን ተቆጥቶ ከቤት ማን ይኖራል? ሻዩን አፈላሁ፣ ማን ሊጠጣው እንደሆነ ሳላውቅ።

ሲወጡ ጋቢያቸውን ይዘዋል። ያንን ወፍራሙን፣ የበዓል ነው ብለው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡትን። ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ይሄን ቁረጪ። የሱቅሽ ጨርቅ አይሞቅም" አሉ።

ሻዩንም ጠጡ። እኔ መቀሱን ለማንሳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዓይኔን ውሃ ሞላው።

ቅዳሜ

የጋቢ ካባ! ለራሴ ደስ አለኝ። አንገት አለው፣ እጅ ማውጫ አለው፣ ከጀርባው ክፍት ነው። ኢክራም ከታሰረች በኋላ ከፊት ይለበስላትና ከወንበሩ ጀርባ ይያያዛል፤ ስለዚህ አይወድቅም። ትልልቅ ቁልፍ አደረግኩበት፣ የአዴን አውራ ጣት እያሰብኩ። ሙቀት ሲመጣ ቀበቶው ሳይነካ ካባው ብቻ ይወልቃል።

ጋሽ ታደሰ አይተው፣ "ይሄንንስ ለእኔም ስፊልኝ፣ ከመኪና ስር ስተኛ ይበርደኛል" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ላሰጣ ግቢ ስወጣ የመኪናው በር ገርበብ ብሏል። ጠጋ ብዬ አየሁ። አዴ ከኋላ ተቀምጠዋል። የማክሰኞው የስንዴ ከረጢት ወንበሩ ላይ ነው፣ ካባውን ለብሷል። አዴ ካባውን ያወልቃሉ፣ ቀለበቱን ይስባሉ፣ ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ካባውን ያለብሳሉ። እንደገና። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ለራሳቸው እየቆጠሩ ይሁን ዚክር እያሉ አላወቅኩም።

ጥላዬን አይተው ቀና አሉ።

"ሙስበሃዬ ጠፍታብኝ እየፈለግኩ ነው" አሉኝ። መቁጠሪያዋ ግን አንገታቸው ላይ ነበረች።

"እኔም ልፈልግልዎት?" አልኳቸው።

"አይ፣ ተይው፣ ሂጂ ልብስሽን አስጪ።"

ገመዱ ስር ሆኜ ብቻዬን ሳቅኩ። ጀማል ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቀኝ አልነገርኩትም። አንዳንድ ነገር በአማትና በምራት መሃል ይቀራል።

ለነገ፦ ውሃ፣ ለኢክራም ትርፍ ልብስ፣ ለራሕማ ቅቤና አጥሚት እህል፣ ለእኔ ሎሚ (ለማስመለሱ)፣ ጎማ ንፋስ። ጀማል ጎማውን አይቻለሁ አለ፤ አላየውም።

እሁድ፣ ዶሎ መና

ደርሰናል፣ አልሐምዱሊላህ። ጎማው ሰነቴ አፋፍ ላይ ተነፈሰ፣ ያልኩት ደረሰ። ይሄን ለማስታወስ ያህል ነው የጻፍኩት እንጂ ለጀማል አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ጠዋት ደጃችን ላይ አዴ ዱኣ አደረጉ። ኢክራም እጆቿን ጣሪያው እስኪነካ አነሳች። ትከሻዋ ግን ከቀበቶው ስር ንቅንቅ አላለም። አዴ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩ አየኋቸው፤ እኔም አንድ ዓይኔን ገልጬ ነበርና።

ሰነቴ ላይ ጉም ወርዶ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እንደ ቆመ ሰው ነበር የሚታዩት። ጀማል ጎማ ሲቀይር እኛ ውስጥ ተቀመጥን። ኢክራም በካባዋ ውስጥ ላቧ መጣ እንጂ አልበረዳትም። ከዚያ ጫካው ውስጥ ወርደን ሪራን አለፍን፤ ሙቀቱ ሲጀምር ከኋላዬ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። አዴ ካባውን አወለቁ። "ላልቷል" አሉና ጭራዋን ሳቡ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም አልረዳቸውም። እኔ ዞሬ ማየት ብፈልግም ሎሚዬን እያሸተትኩ ፊቴን ወደፊት አደረግኩ።

ልጽፈው የፈለግኩት ግን ከደረስን በኋላ የሆነውን ነው።

ራሕማ ደህና ናት፣ ልጁም ደህና፣ ወንድ ነው፣ አባቱን ቁርጥ። በልተን ካረፍን በኋላ የራሕማ ባል ወላጆቹ ዘንድ ሄደን ሰላም እንድንላቸው ጠየቀን። ቤታቸው ከገበያው ወዲያ ነው፣ ቅርብ። ሰው በዛ። ሁለት የራሕማ ዘመዶችም አብረው ሊሄዱ ከኋላ ገቡና ወንበሩ ቦታ ያዘባቸው። የራሕማ ባል በትህትና፣ "እዚችው ድረስ ነው፣ ወንበሩን እናውርደውና ልጅቷን በጭን እንያዛት" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። የሰው አገር ነው፣ የባለቤቴ ዘመዶች ናቸው፣ ደክሞኛል። ሳምንቱን ሙሉ የተሟገትኩበት ነገር እንዴት ከአፌ እንደጠፋ አላውቅም። "እሺ፣ ቅርብ ከሆነ" አልኩ።

"ሂንታኡ።"

አዴ ናቸው። ከመኪናው አልወረዱም፤ አንድ እጃቸው ወንበሩ ላይ ነው።

"አይሆንም። ቅርብም ሩቅም ብሎ ነገር የለም። የበቃው ተጠጋግቶ ይቀመጥ፣ ያልበቃው በእግሩ ይምጣ። እናንተ ይቺ ልጅ ሱቋ በሚመጣው ወንበር ላይ ያየችውን አልሰማችሁም" አሉና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ለዘመዶቹ በኦሮምኛ ደገሙላቸው። ከዚያ ኢክራምን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጧት፣ ቆለፉ፣ አጠበቁ። እኔ የተሸበሸበውን የቀሚሷን ጫፍ ላቃና እጄን ብዘረጋ መለስ አደረጉትና ራሳቸው አቃኑት።

ሁለቱ ዘመዶች በእግራቸው መጡ። እኛ ገና መኪና ሳናቆም ነው የደረሱት፣ በእርግጥም ቅርብ ነበር።

አፍሬያለሁ። ደስም ብሎኛል፤ ከእፍረቱ ደስታው ይበልጣል። ልጄን ለማስጣል አንድ "እሺ" ብቻ በቃኝ፤ የያዙልኝ ግን አዴ ናቸው። ይሄን ነገ በመንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው ሳያውቁት አልቀሩም።

ራሕማ ከእራት በፊት ወንበሩን ገልብጣ ስታየው ቆይታ፣ "ለኔስ ልጅ ትሠሪልኛለሽ?" አለችኝ። ምን እንደምላት ጨነቀኝ። የአራስ ልጅ አንገት አልጠናም፣ ወደ ኋላ ዞሮ ተጋድሞ ነው የሚሄደው አሉ፤ ቀበቶው እንዴት እንደሚላላ፣ ብረቷ የት እንደምትሆን አላውቅም፣ እንዲያ ያለ ወንበር በዓይኔ እንኳ አላየሁም። አላውቅም ልላት አፌን ስከፍት አዴ ከጓዳ ሆነው፣ "ትሠራለች" ብለው መለሱልኝ።